አላወቅኩህም ያለው በር

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል የጨመርኩበት እንደሆነ አፌ ውስጥ የቀረችው ብቸኛ ጥርሴ ዛሬውኑ ትርገፍ። በእሷ ደግሞ በዋዛ አልምልም፤ በመላው ምሥራቅ እንደ እሷ ያለች ጥርስ የለችም፣ ከጅቡቲ ድረስ ሐኪሞች በባቡር እየተሳፈሩ መጥተው አይተዋት አድንቀው ተመልሰዋል። የምነግራችሁን ነገር ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁትን ደግሞ ባለታሪኩ ቶፊቅ ራሱ አጫውቶኛል። ቶፊቅ ከምርቃና ሰዓት ውጭ ዋሽቶ አያውቅም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳዎቹ ነው፤ ከተማዋ ድሬዳዋ። በዚያን ዘመን ድሬ ከምሳ በኋላ ትወቅጥ ነበር።

ድሮ አያቶቻችን ለበርጫ ምንጣፍ ላይ ጋደም ሲሉ የሚሰማው የቅጠል መቀንጠስና የወሬ ድምፅ ብቻ ነበር ይባላል። ጫቱን በትንሽ ሙቀጫ አስወቅጠው የሚወስዱት ጥርስ የጨረሱ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። በእኛ ጊዜ ግን ጎልማሳው ሁሉ ከሽማግሌ ተቆጠረ። አፍ እየደረቀ፣ በደረቀው አፍ ላይ ስኳር የበዛበት ለስላሳ እየወረደ፣ ድድ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ጥርስ ቤት እንደሚለቅ ተከራይ አንድ በአንድ ወጣ። ከዚያ ከተማው ሙቀጫ ገዛ። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን፣ ምሳ ሲነሣ የብረት ሙቀጫው ድምፅ ይጀምራል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አዲስ ሰው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስለውና ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል። አውሮፕላን አብራሪዎች ደመና ውስጥ ሆነው ይሰሙት ነበር፤ ይህን የነገሩኝ አብራሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሥጋ ቤቱ ሥጋ የሚሸጠው ፈጭቶና አቅጥኖ በኩባያ ነበር። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን «ሳቁ» ማለት ትቶ «ከንፈር ግጠሙ» ይል ነበር። ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ ስለሚጋርድ፣ ትንንሽ ልጆች ሳቅ በእጅ የሚሠራ ነገር ይመስላቸው ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ሲሰሙ ድምፅ ሳያሰሙ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዱና ያወርዱታል። ይህ ማንንም አይገርምም ነበር።

ቁልፍ የሚባል ነገርም ቀርቷል። ቤት፣ ታክሲ፣ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም የሚከፈተው በሰው ድምፅ ነው። ቤትም በተራው የሚናገረው በባለቤቱ ድምፅ ነበር። ሰው ሲያገባ ድምፁን ይቀርጹና ለጎጆው ይሰጡታል፤ ከዚያ ወዲያ «ውሃ ሊሄድ ነው»፣ «ምድጃው እንደበራ ነው»፣ «እንግዳ መጥቷል» የሚለው ያ ድምፅ ነው። ባል ሥራ ቢውልም ድምፁ ከቤት አይጠፋም። ቤቱ ለብዙ ዓመት የሰማውን ወሬ ሁሉ አይረሳምና፣ ሲጠይቁት ያንኑ መልሶ ይተርካል።

እንግዲህ ቶፊቅ የደረቅ ወደቡ ጭነት ተቀባይ ነበር። በወጣትነቱ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ ይከፍታል። ቆርኪ ብቻ ብል ግን አሳነስኩት፤ የባቡር ሐዲድ ብሎን በጥርሱ ሲፈታ ያዩ ሰዎች አሉ፣ ባቡሩም በዚያ ምክንያት ቆሟል። ሳቁ ቀፊራ ገበያ ላይ ሲነሣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ፍየሎች ያስደነብራል። ሚስቱ ሰኪና ያገባችው በዚያ ሳቅ ነው። «መልኩንማ የት አይቼው፤ ሳቁን ሰምቼ ነው የመጣሁት» ትል ነበር ለጎረቤት።

የመጨረሻዋ የፊት ጥርሱ የወደቀችው ከድር ቤት በርጫ ላይ ነው። ከድር የሰፈሩን ትልቁን የኤሌክትሪክ ሙቀጫ የያዘው ሰው ነው፤ የሁላችንም ቅጠል እሱ ዘንድ ይወቀጣል። ጥርሷ ከቶፊቅ አፍ ተንሸራታ ብርጭቆው ውስጥ፣ ብርቱካን ቀለም ያለው ለስላሳ ውስጥ ጠለቀች። ከድር አሻግሮ አየና፣

«አቦ፣ ለቶፊቅ በረዶ ሰጥታችሁ ለእኔ የከለከላችሁኝ ለምንድን ነው?» አለ።

አብሮ የሚቅመው ጀማዓ ሳቀ፤ ሁሉም እጁን አፉ ላይ አድርጎ። ቶፊቅም ሳቀ። ከአፉ የወጣው ግን ነፋስ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ሄደ። የሚቅምበት ጉንጩ እንደተወጠረ ደጁ ላይ ቆመና ስሙን ተናገረ።

«ቶፊቅ ነኝ።»

የታችኛው ከንፈሩ የሚያርፍበት ጥርስ ስለሌለ ስሙ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ወጣ።

«ይቅርታ፤ አላወቅኩህም» አለው በሩ።

ያለው በራሱ በቶፊቅ ድምፅ ነው። ሰኪናን ባገባበት ወር የተቀረጸው፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነው፣ ጥርት ያለው ድምፅ። ቶፊቅ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ የተናገረ መስሎት። መንገዱ ባዶ ነበር። እንደገና ስሙን ጠራ። በሩ እንደገና፣ በትሕትና፣ አላወቅኩህም አለው።

ሰኪና ከውስጥ ከፈተችለት። «ደጅ ላይ ምን ትሠራለህ አንተ?»

«በርሽ አላወቀኝም።»

«በሩ? ድምፁ ያንተ አይደል እንዴ?»

«እሱ ጥርስ አለው» አለ ቶፊቅ፣ ጫማውን እያወለቀ።

በማግስቱ የደረቅ ወደቡ መግቢያም አላወቀውም፤ አንድ ባልደረባው ስሙን ጠርቶለት ገባ። ታክሲው አላወቀውም። የሐኪም ቤቱ ወረፋ ሰጪ አላወቀውም። ሰው ስሙን እየጠራለት የሚገባ ሠራተኛ ደግሞ ለአለቃ አይመችም፤ እስኪሻልህ ቤትህ ዋል ተባለ። ቤት መዋል ማለት በርጫ መዋል ነው። ጠዋት ኢጃበና የሚሏት የዓይን መግለጫ ቅጠል፣ ከሰዓት በርጫ፤ ጉንጩ ባዶ የሆነበት ሰዓት አልነበረም። ቁርስ በሻይ የራሰ ዳቦ፣ ምሳ ሾርባ። ድዱ ይደማል፤ ትኩስ ነገር ሲነካው እንባው ይመጣል። ከሰኪና ጋር ሲያወራ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ትንፋሹ እንዳይሸታት። ቀስ በቀስ ማውራቱንም ተወው። ቋንጣ ሲጠበስ ከሸተተው ተነሥቶ ይወጣል።

አንድ ቀን ከበርጫ ቀደም ብሎ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመና ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ከውስጥ ሳቅ ሰማ።

ሰኪና ነበረች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ቆይቷል። ከእሷ ጋር የሚያወራው ሰው ደግሞ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ይተርክ ነበር፤ ቶፊቅ በጎርፉ ቀን የሰኪናን ጫማ በጥርሱ ነክሶ፣ እሷን በጀርባው አዝሎ እንዴት እንደተሻገረ። ይህን ወሬ በየዒዱ የሚያወራው ቶፊቅ ነበር፤ ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ግን አውርቶት አያውቅም። ጥርስ የሌለው ሰው በጥርሴ ነክሼ ብሎ ቢያወራ ማን ያምነዋል? አሁን ግን ድምፁ ያወራዋል፤ አንድ ቦታ ሳይስት፣ ጎርፉ ላይ ሲደርስ ቀነስ፣ ጫማው ላይ ሲደርስ ከፍ እያደረገ። መጨረሻው ላይ ያ የጥንት ሳቅ መጣ። የራሱ የቶፊቅ ሳቅ።

«ያ የእኔ ወሬ ነው» አለው በሩን።

ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ፣ «ይቅርታ፤ አላወቅኩህም።»

የድሬ ሰው ሌላ ነገር ሁሉ ይችላል፤ ደጅ ላይ መዋረድን አይችልም። ሰኪና በሩን ስትከፍት ቶፊቅ አልገባም። መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ያለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆመ።

«በገዛ ድምፄ ካልተከፈተልኝ ያንን ደፍ አልረግጥም። ወላሂ።»

«ቶፊቅ፣ ሰው ያያል። ና ግባ።»

«ማን ነው የሚያስገባኝ? አንቺ። እሱ ውስጥ ተቀምጦ ይስቅብኛል።»

«ማነው እሱ?»

«ታውቂዋለሽ። ሲያስቅሽ ሰምቻለሁ።»

ሰኪና አላሳመነችውም። ምንጣፍና ትራስ አመጣችለት፤ ሾርባውንም በየቀኑ በክዳን ተሸክማ መንገዱን ትሻገር ጀመር። ጎረቤቱ አፉን በእጁ ጋርዶ ያልፋል። ቶፊቅ ዛፉ ሥር ሆኖ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ በር፣ በራሱ አፍ፣ ተጠርቶ መግባት። ካልሆነ ሚስቱን ለድምፁ እንደተወለት ቆጥሮታል።

ስለዚህ ሳቢያን ወደምትሠራው የጥርስ ሐኪም ሄደ፤ ወይንሸት ትባላለች። የእሷ ሥራ ድድ ውስጥ የጥርስ ፍሬ ቀብሮ አዲስ ጥርስ ማብቀል ነው። ሰው ያመሰግናታል፤ እኔ ግን የማውቀውን ልናገር፤ ሴትዮዋ ከፈለገች ድንጋይ ላይ ጥርስ ታበቅላለች። አፉን አስከፍታ ጥግ ጥጉን አየች። ከዚያ መስታወት ሰጠችው።

«ይኸ ነጭ የሆነው ቦታ ይታይሃል? ጉንጭህ ውስጥ። ቅጠሉን የምታስቀምጥበት ነው። አልወደድኩትም፤ ቆርጬ አስመረምረዋለሁ።»

«ጥርሱስ?»

«ጥርሱን አበቅልልሃለሁ። ቅጠሉን ግን ትተዋለህ። ለጋ ድድ ላይ ቅጠል ከገባ ጥርሱ ሳይወጣ ይሞታል።»

«እስከ መቼ?»

«ጥርሱ እስኪጸና ነዋ።»

«ከዚያስ?»

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «ከዚያማ አንተ ታውቃለህ። ሁለተኛ ጊዜ የሚበቅል ድድ ግን የለህም።»

ቶፊቅ ፍሬውን አስቀብሮ ወደ ዛፉ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቅጠል የሌለበት ከሰዓት መጣ። ከተማው መውቀጥ ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ። ከየመስኮቱ፣ ከየግቢው፣ ከከድር ቤት። ያ ድምፅ ለለመደ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማያውቅ ማስረዳት አይቻልም፤ ምራቅ የሌለው አፍ ምራቅ ይሞላል፣ እግር ሳይታዘዝ ይነሣል። ቶፊቅ የዛፉን ግንድ አቅፎ ተቀመጠ። እንዲያውም ግንዱ ላይ የእጁ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ አሸለበው፤ ዱካክም መጣ።

ለምዶ የተወን ሰው በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው ዱካክ በሌላው ላይ ጅብ ሆኖ፣ ገደል ሆኖ፣ የሚያሳድድ ፖሊስ ሆኖ ይመጣል። ቶፊቅ ላይ የመጣው ራሱ ቶፊቅ ሆኖ ነው። የሠርጉን ሸሚዝ ለብሷል። መንገዱን ከቤቱ በኩል ተሻግሮ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ክብደቱ የቤት ያህል ነበር። አፉን ከፈተ፤ ውስጡ ጥርስ ብቻ ነው፣ ረድፉ አላለቀም፣ ወደ ጉሮሮው ወደ ጨለማው እንደ ባቡር ሐዲድ ይሄዳል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ በደግነት፣ «አላወቅኩህም» አለው። ቶፊቅ ሊጮህ ሞከረ። የራሱ አፍ ውስጥ ምላሱ የሚነካው ምንም ነገር አልነበረም፤ ጉንጭም፣ ላንቃም። ባዶ ክፍል ውስጥ እንደተተወ ሰው ምላሱ ብቻዋን ዞረች።

ሲነቃ ከድር አጠገቡ ተቀምጧል። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ እንደ ትንሽ ድቡልቡል ሊጥ የሆነች የተወቀጠች ቅጠል በመዳፉ ይዟል።

«ዱካክ ነው አይደል?» አለ ከድር። «ስትቃትት ሰማሁህ። እንካ፣ ወዲያው ይለቅሃል።»

«ተወኝ ከድር።»

«ሐኪም ምን ታውቃለች? እሷ ቅማ ታውቃለች?»

«ጥርሱ ይሞታል አለች።»

«አቦ ጥርስ! አባቴ ያለ ጥርስ ሰማንያ ዓመት ኖሯል። ለሙቀጫ ነው እንጂ ሙቀጫ የተሠራው ለማን ነው?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ከድር ራሱም አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት ምርቃና ላይ ነበር። ድቡልቡሏን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ቶፊቅ እስኪመሽ አያት። አልነካትም። ይህን ሳይ በሕይወቴ ከሰው ልጅ እንዲህ ያለ ጽናት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ብረት ቢሆን ይቀልጥ ነበር።

በየከሰዓቱ ዱካኩ መጣ። በየከሰዓቱ ከድር መጣ። በመሐል ግን ድዱን ያሳክከው ጀመር፤ ምላሱ አንድ ቀን አንዲት ሹል ጫፍ ነካች። ከዚያ ሌላ። ጥርሶቹ ትንንሽና ወተት የመሰሉ ሆነው ወጡ፤ ቶፊቅ ደግሞ ዛፉ ሥር ሆኖ ስሙን ይለማመድ ገባ፣ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ጮክ ብሎ። ከንፈሩ ጥርስ አገኘ። የሚያልፈው ሰው አንዳንዱ ሲሰማው ቆሞ ወደ ቤቱ መስኮት ያይ ነበር፤ ድምፁ ከውስጥ የመጣ መስሎት።

የገባበትን ቀን ያላየ ሰው ድሬን አየሁ እንዳይል። የበርጫ ሰዓት ነው። ቶፊቅ ፊቱን ታጥቦ መንገዱን ተሻገረ። ከመጋላ እስከ ሳቢያን ሙቀጫ ሁሉ ቆመ፤ ማንም አላዘዘም፣ ዝም ብሎ ቆመ። ያን ጸጥታ የሰሙ ሕፃናት አለቀሱ፤ ከተወለዱ ሰምተውት አያውቁማ። ቶፊቅ ደፉ ጋ ቆመ።

«ቶፊቅ ነኝ» አለ።

ውስጥ አንድ ነገር እንደተነሣ፣ እንደተራመደ፣ ከበሩ ኋላ መጥቶ እንደቆመ ሁላችንም ሰማን።

«አወቅኩህ» አለ በሩ። «ስጠብቅህ ነበር።»

ተከፈተ። ቶፊቅ ገባ። ተዘጋ። ከዚያ ከውስጥ ሁለት ድምፅ እኩል መተረክ ጀመሩ፤ የደቻቱን ጎርፍ። ቃል በቃል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ጫማው ላይ ሲደርሱ አንደኛው ዝም አለ። ሌላው ብቻውን ቀጥሎ ጨረሰው፣ ሳቀም። የቀረው የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቶፊቅ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሰኪና ገበያ የምትወጣው ብቻዋን ነው። በሩን ግን ጆሮአችሁን ብታስጠጉት፣ ያ ሳቅ አለ።

ይህን ታሪክ ባለፈው ሳምንት ከድር ቤት፣ ከሐረር ለመጡ እንግዶች ልክ አሁን ለእናንተ እንደነገርኳችሁ ነገርኳቸው። እንግዶቹ ቅጠላቸውን ረስተዋል፤ ከድር እንኳ ሙቀጫውን አጥፍቶ ያዳምጥ ነበር። ሰኪና መቼ ገብታ በሩ አጠገብ እንደቆመች ማናችንም አላየንም። ቶፊቅ እዚያ ይደገፍበት የነበረውን ትራስ ልትወስድ መጥታ ነው። አንሥታ አቧራውን አራገፈችና ብብቷ ሥር ያዘችው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ የማን ሚስት እንደሆነች ከድር በጆሮው ሲነግረው፣ አፈረና ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይኸ ሰው የሚለው እውነት ነው? አሁንም እዚያ ውስጥ ነው?»

ሰኪና አላዘነችበትም፣ አልተቆጣችውም። የምትናገረውም ለእሱ ብቻ ይመስል ነበር።

«ሐኪም ዘንድ አልሄደም» አለች። «ቀጠሮ አስይዤለት ነበር። በርጫ ሰዓት ላይ ዋለና ቀረ። ጥርስም አልበቀለለትም። እዚያው ኒሟ ሥር ነው የሞተው፣ ጉንጩ ቆስሎ ቆስሎ። ሲታጠብ ቅጠሉን ካፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ከድር ወደ ምንጣፉ አቀረቀረ።

«በሩስ?» አለ እንግዳው ቀስ ብሎ። «ድምፁስ?»

«ጥርሱ በወደቀ ሳምንት ባለሙያ ጠርቼ የበሩን መቆለፊያ ከነድምፁ አስነቀልኩት። አሳዘነኝ፤ ደጅ ላይ ሲቆም። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ተናግሮ አያውቅም። ከማን ጋር እንደሳቅሁ አላውቅም፤ ማታ ማታ ሾርባውን ሠርቼ እስኪገባ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።»

ትራሱን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።

«ያ በር መቆለፊያ የለውም። ክፍት ነው ብዬዋለሁ፤ በየቀኑ ሾርባውን ሳመጣ እነግረው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ገፍቶት አያውቅም።»